እስከ አስራ አንድ ሰዓት

ቨርና ፔቲግሩ የውሉን ወረቀት በመዳፏ ገፍታ ወደ ክሮዝቢ መለሰችው። ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው።

"ገጽ አስራ ሁለት ካልወጣ ሌላውን አላነብም" አለች።

ላስ ቬጋስ፣ አንድ ሆቴል አስራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ ከጠዋት ጀምሮ እንደተፋጠጡ ናቸው። ደንከን ክሮዝቢ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑ ፕሮሞተር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቦክሰኛ ሲያጋጥም የኖረ፣ እሱ ግን አንድ ቡጢ ቀምሶ የማያውቅ ሰው። ቨርና የተጋጣሚው የኢዝራ አክስትም ሥራ አስኪያጅም ናት። ኢዝራ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ለመቀመጥ አስራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ጉልበቱ ሌላ አስራ አንድ እንደማይሰጠው ሦስቱም ያውቃሉ።

ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልተስማሙ ፍልሚያው በታሸገ ፖስታ ለጨረታ ይወጣል። ብዙ ያቀረበ ፕሮሞተር ይወስደዋል፤ ከዚያ አንድ ምሽት ውጪ ግን ቦክሰኛው ላይ ምንም መብት አያገኝም። ክሮዝቢ የሚፈልገው ደግሞ ምሽቱን ብቻ አይደለም። ኢዝራ ካሸነፈ ቀጣዮቹን ሦስት ፍልሚያዎች ክሮዝቢ ባለው ቀን፣ ክሮዝቢ ካለው ሰው ጋር ይገጥማል፤ ገጽ አስራ ሁለት የሚለው ይህንን ነው።

ክሮዝቢ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ቪዲዮው ላይ ኢዝራ ትናንት ከአንድ ጥብስ ቤት ደጃፍ፣ በሰው ተከቦ፣ የጎድን አጥንት በእጁ እንደያዘ ይፎክራል፦ "በነጻ እገጥመዋለሁ! እናቱ ጓሮ ድረስ ሄጄ በነጻ እዘርረዋለሁ!"

"አራት ሚሊዮን ሰው አይቶታል" አለ ክሮዝቢ። "ልጅሽ በነጻ ይላል፣ እኔ ስድስት ሚሊዮን ዶላር እላለሁ። እኔ ነኝ እንግዲህ ክፉው?"

ቨርና ወደ ኢዝራ ዞረች። "አንተ፣ ጥርስ መከላከያ ካልወተፉብህ አፍህ አይዘጋም?"

"ለሰዉ ብዬ ነው፣ አክስቴ። ሁሉም እንደዚህ ይላል።"

"ሁሉም ማታ ፎክሮ በማግስቱ ለድርድር አይቀመጥም።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ቦክሰኛ ሲባል ደግሞ ፉከራውን ከደመወዙ ለይቶ አያይም።

"ጨረታ ውጡ እሺ" አለ ክሮዝቢ። "በነጻ ለሚል ሰው ፖስታው ውስጥ ስድስት የሚጽፍ ካለ አሳዩኝ። ሦስት ካገኛችሁ ሻማ አብሩ።"

እውነቱን ነው፤ ቨርናን ያንገበገባትም እውነት መሆኑ ነው። ኢዝራ ብዕሩን አነሳ።

"ልፈርምና ይለይለት። ካሸነፍኩ ሦስቱንም በየተራ እጥላቸዋለሁ።"

"አባትህም ያለው ይህንኑ ነው።"

የኢዝራ አባት ሮስኮ፣ የቨርና ታላቅ ወንድም፣ ከዚሁ ክሮዝቢ ጋር ተፈራርሞ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወስዶ ነበር። ከዚያ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ አስገጠሙት፤ ሦስተኛውን የገባው የተሰበረ አፍንጫው ሳይድን ነው። ዛሬ ፊላደልፊያ ቤቱ ተቀምጦ ምላሱ ይተሳሰራል። የሸሚዙን ቁልፍ በየጠዋቱ የሚቆልፍለት ኢዝራ ነው።

ክሮዝቢ ፈገግ አለ። "ሮስኮ ጨዋ ሰው ነበር። ገጹን እንኳ ሳይገልጥ ነው የፈረመልኝ። የእጅ ጽሑፉ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ።"

ቨርና ሰውየውን በጥፊ ማለት አማራት፤ ከእሱ ይልቅ ግን ራሷን ጠላች።

"ብዕሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ" አለች ለኢዝራ። "ያን ቀን አጠገቡ ነበርኩ። 'ፈርም፣ ዕድል ደግሞ አይመጣም' አልኩት።"

ኢዝራ ቀና ብሎ አያት። "ነግረሽኝ አታውቂም።"

"አልነገርኩህም። ዛሬ አንተም ብትፈርም ልከለክልህ አልችልም፤ ስምህ ያንተ ነው። እኔ ግን ሁለተኛ ብዕር አላቀብልም።"

ኢዝራ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ በጣቱ ሲነካካ ቆየ፤ ከዚያ ብዕሩን ከድኖ ክሮዝቢ ፊት አስቀመጠው።

"ሦስት ሚሊዮን ዶላር እየጣልክ እኮ ነው" አለ ክሮዝቢ፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻከረ።

"በነጻ ብያለሁ እኮ፣ ሚስተር ክሮዝቢ። አራት ሚሊዮን ሰው ሰምቶኛል።"

ሰዓቱን ከእጁ ፈቶ ጠረጴዛው መሃል አኖረው። ለአስር ሰዓት ሃያ ጉዳይ ይላል። ከዚያ የሆቴሉን ስልክ አንስቶ ወደ ወጥ ቤት ደወለ።

"የዶሮ ጥብስ ለሦስት ሰው" አለ። "አትቸኩሉ፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነን።"