የእሷ ብርጭቆ

«ይሄ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ቡና ቤት?»

የሟቹ ታላቅ እህት ወገባቸውን ይዘው የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። ሚስትየዋ ቀና አላለችም። የድንች መላጫውን ኪያሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሳበች ሪባን የመሰለ ስስ ልጣጭ ታወጣለች። አጠገቧ የተከፈተ የጂን ጠርሙስ አለ።

«ሙቀቱ ነው እትዬ» አለች በቀስታ። «ለሚመጣው ሰው ቀዝቃዛ ነገር ልስጥ ብዬ።»

«ውሃም ይቀዘቅዛል!»

እውነታቸውን ነው፤ ውሃም ይቀዘቅዛል። ግን ነገሩ ለእንግዶቹ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ጀምሮ እንባም ቃልም አልወጣትም። ሳሎኑ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ሻይ ይቀዳል፣ «አይዞሽ» ይባላል። እሷ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር እንደተቀመጠ ነው፤ አይወርድም፣ አይወጣም። «እንባ እንኳ ጠብ አላለላትም እኮ!» የሚል ሹክሹክታ ከሶፋው ወዲያ ሰምታለች። ድምፁንም ለይታዋለች፤ የእትዬ ነው።

በዕድሜዋ ምላሷ የተፈታው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚሁ ቤት በረንዳ ላይ፣ በበጋ፣ ባሏ የሠራላትን የጂን መጠጥ ይዛ። ያንን ጣዕም አንድ ጊዜ ካገኘችው ይሄም ነገር የሚፈታ መስሏታል።

ሟቹ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። በበጋ ከሥራ ሲመለስ የሞተሩ ግለት ሸሚዙ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይገባል። ታጥቦ ሲያበቃ እጅጌውን ይሰበስብና ኩሽና ይገባል። ብርጭቆዎቹ ከጠዋት ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ ናቸው። ናናውን በቢላ አይነካውም፤ መዳፉ ላይ ያኖርና አንድ ጊዜ ያጨበጭብበታል። «መቀስቀስ ነው እንጂ መግደል ምን ያደርጋል?» ይላል። ጂኑን የሚለካው በሳል ሽሮፕ ክዳን ነው። የኪያር ልጣጭ ጣል አድርጎ ሎሚውን ይጨምቅና ጋዝ ያለውን ቶኒክ ውሃ በማንኪያ ጀርባ ላይ እያንሸራተተ ያወርደዋል፤ «ቀስ! ተሳፋሪ አለ» እያለ ከራሱ ጋር ያወራል። ጎረቤቱም የየራሱን ወንበር ተሸክሞ ይመጣል።

እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ስለምትውል ነው መሰል፣ ከሰው ጋርም ከንፈሯ አይከፈትም። ባሏ «ዝምቴ» ይላታል። ዝምቴ ግን ብርጭቆዋን ስታጋምስ ሌላ ሰው ናት። የቤት አከራዩን አረማመድ እያስመሰለች በረንዳውን በሳቅ ትገድለዋለች፤ ትዘፍናለች። ሰው ሁሉ ወንበሩን ይዞ ከሄደ፣ ሰማዩ ሐምራዊ ሆኖ የመንገዱ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማ ውሃ ሲመስል ደግሞ፣ በቀን ብርሃን ከአፏ የማይወጡ ነገሮችን ለባሏ ትነግረዋለች።

«አውቶቡስህ ሲዘገይ እኮ መስፋት አልችልም» አለችው አንድ ጊዜ። «እጄ እምቢ ይለኛል። ሞኝ ነህ፣ ታንኮራፋለህ፣ ግን አንተ ሳትመጣ እጄ የኔ አይደለም።»

ጠዋት ራሷን ያማታል፤ እሱ ግንባሯን በሻሽ ያስርላትና ውሃ ያቀርብላታል።

«ትናንት ምን አልኩ?»

«ምንም። ተኛሽ።»

ከቀብሩ በኋላ መጠጡን ራሷ ስትሠራ፣ የመጀመሪያው ቀን ሙከራዋ ሽቶ የጠጣች ያህል ጉሮሮዋን አቃጠላት። በማግስቱ ሎሚ ጨመረች፤ ያው ነው። እንግዶቹ ግን ገና ሲቀምሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልክ የሱ!» አሉ። «የሱ እጅ ነው፣ ምንም አልቀረው!» ያጽናኗት መስሏቸው ነው። እሷ ግን ይበልጥ ተጨነቀች። ለሁሉም የሱ ሆኖ ለእሷ ብቻ እንዴት ባዕድ ይሆናል? የሱ መጠጥ እሷ አፍ ውስጥ ገና ዝናብ ያባራበትን ጠዋት ይመስል ነበር። ጣዕሙም አብሮት የሞተ መሰላት።

ዛሬም እትዬ ቆመው እያዩአት የሽሮፑን ክዳን ጂን ሞላችና ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠች። ደገመች። ሦስተኛውን ስትቀዳ፣ ባዶ የሻይ ብርጭቆ ሊመልስ የገባ አንድ ሰው እጇን ያዘ። ምድር ቤት ያለው ፋርማሲስት ነው፤ ሕንፃው በሙሉ «ዶክተር» የሚለው።

«ለማን ነው ይሄ?»

«ለራሴ።»

«የግፊት ኪኒንሽን ጠዋት ወስደሻል አይደል?»

«ወስጃለሁ። ምነው ዶክተር፣ ስንት በጋ ሙሉ ጠጥቼው የለ?»

ፋርማሲስቱ ክዳኑን ከእጇ ወስዶ ማጠቢያው ላይ ደፋው። ላቡን ጠረገ። እትዬን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«ጠጥተሽው አታውቂም» አለ።

«ምን?»

«ያንቺ ብርጭቆ ውስጥ ጂን ገብቶ አያውቅም። ኪኒኑን የጀመርሽው እሱ ይሄን መጠጥ መሥራት ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ከመጠጥ ጋር አይሄድም ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። እኔ እነግራታለሁ አለ። መጀመሪያ የሠራ ዕለት ማታ ያንቺን ያለ ጂን ሠራው፤ ቀምሰሽ ስታውቂ ሊነግርሽ ነበር። አንቺ ግን አላወቅሽም። ጭራሽ ሰከርሽ!»

«ሰከርኩ?»

«ዘፈንሽ እንጂ! በማግስቱ ሱቄ ድረስ መጥቶ ‹ዶክተር፣ በሎሚ ውሃ እንዲህ ከሳቀች ምኑን ልንገራት?› አለኝ። ከዚያማ እኔም አፌን ያዝኩ።»

«ራስ ምታቱስ?»

«እሱን እንኳ እኔም አላውቅ» አለ ፋርማሲስቱ። «የተማርኩት መጽሐፍ ውስጥ የለም።»

እሷ የማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። በጋዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየዞሩ መጡባት፤ ሐምራዊው ሰማይ፣ ባዶዎቹ ወንበሮች፣ በስካር አሳብባ የተናገረችው ሁሉ። ስካር አልነበረም። እጄ እምቢ ይለኛል ያለችው እሷ ናት፣ በሙሉ ልቧ፣ በሎሚና በናና። እሱም ያውቅ ነበር። እያንዳንዱን ቃል የሰማው እያወቀ ነው። «ምንም፣ ተኛሽ» ያላት ጠዋት ሁሉ፣ ቃሏን በኪሱ ይዞ ነው ወደ አውቶቡሱ የሄደው።

በመጨረሻ እትዬ ወገባቸውን ለቀቁ።

«ወንድሜ ደግሞ ማታለል ይችል ኖሯል?» አሉ። የጂኑን ጠርሙስ ከድነው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። «በይ፣ እሱ እንደሚሠራው አድርገሽ ሥሪው። ለኔም ጨምሪ።»

ሠራችው። ናናውን ቀሰቀሰች፣ ሎሚውን ጨመቀች፣ ቶኒኩን በማንኪያ ጀርባ አወረደች። ሁለቱ ሴቶች ሳሎኑን ለፋርማሲስቱ ትተው በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሙቀቱ መንገዱ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሰፍታ የሰቀለችው ነጭ መጋረጃ በሩ ላይ ተነፍቶ ይወጣል፣ መልሶ ይገባል፤ ቤቱ የሚተነፍስ ይመስላል።

አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ዝናብ ያባራበት ጠዋት አፏ ውስጥ ገባ።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«ድምፅዎ የሱን ይመስላል። ቀና ብዬ የማላይዎት ለዚህ ነው። ሲናገሩ ዓይኔን ብከድን የመጣ እየመሰለኝ… ብገልጠው ደግሞ እርስዎ እንዳይሆኑብኝ እየፈራሁ ነው።»

እትዬ ወደ እሷ ዞሩ። እንዲህ ብዙ ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

«ሰከርሽ እንዴ አንቺ ልጅ?»

«አልሰከርኩም» አለች፤ ድምፅዋ መሐል ላይ ተሰበረ። «ሰክሬም አላውቅ።»

ራሷ ቀስ እያለ ወርዶ የእትዬ ትከሻ ላይ አረፈ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የማንኛቸው እንቅጥቅጥ እንደሆነ አይለይም። የእትዬ ልብስ ረጠበ። ብርጭቆው በዚያው በኩል ባለው እጃቸው ላይ ነበር፤ ከቅዝቃዜው የተነሳ ጣታቸው ደንዝዟል። በረዶው እንዳይንኳኳ፣ ትከሻቸውም እንዳይነቃነቅ እየተጠነቀቁ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ብርጭቆውን ወደ ሌላኛው እጃቸው አሻገሩት።