ቆርኪ የሌለባቸው ሳጥኖች

የሙዚቃ ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ። ቫዮሊኖቹን በየሳጥናቸው እከታለሁ፣ የቼሎውን ክሮች እወለውላለሁ፣ ትልቁን ከበሮ እርጥበት እንዳይነካው ከግድግዳው አርቄ አቆማለሁ። ተማሪዎቹ «ጋሼ ስቶር» ይሉኛል። ስም ያለኝ አይመስላቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ትምህርቴ ከስድስተኛ አላለፈም። ያም ሆኖ ለሙዚቃ ጆሮ ነበረኝ፤ የለህም የሚለኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ለወላጆች ቀን ስንለማመድ የመዝሙር አስተማሪያችን በሰልፉ መሃል እየዞረ ጆሮውን ወደየአፋችን ያስጠጋ ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንተ ድምፅ አታውጣ፣ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለኝ። አንቀሳቀስኩ። በዓሉ አልቆ ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ እጄን ይዛ «ከሁሉም መሃል ያንተን ድምፅ ለየሁት» አለችኝ። እውነቱን ሳልነግራት ሞተች። አስተማሪውም ሞቷል ይባላል፤ አፈሩን ገለባ ያድርግለት እንዳልል ምላሴ እምቢ ይለኛል።

ዘንድሮ አዲስ መምህርት መጣች። የግምጃ ቤቱ መስኮት ወደ ክፍሏ ስለሚከፈት ሳልወድ በግዴ ተማሪዋ ሆንኩ። መጀመሪያ ልጆቹ ክብ ሠርተው እየዘፈኑ ጠጠር ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጠጠሩ እጁ ላይ የቀረበት መሃል ይገባና ከራሱ ጭብጨባ ይፈጥራል፤ ሌሎቹ ይደግሙታል። ከዚያ ወረቀት ላይ አሥራ ስድስት ሳጥን ይሰመራል። በየሳጥኑ የጠርሙስ ቆርኪ ይቀመጣል፤ አንድ ቆርኪ አንድ ጭብጨባ፣ ሁለት ቆርኪ ሁለት ፈጣን ጭብጨባ፣ ባዶ ሳጥን ዝምታ። «ዝምታውም ይቆጠራል፣ እንዳትዘሉት» ትላቸዋለች። ዕድሜዬን ሙሉ ሙዚቃ አይገባህም ስባል ኖሬ በአንድ ሳምንት ገባኝ። ለካ የጎደለኝ ቆርኪ ነበር።

ለወላጆች ቀን እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ምት ወረቀት ላይ ሠርቶ ቅርጫት ውስጥ እንዲከት አዘዘች። የተመረጠው በትልቁ ከበሮ ይመታል፤ ቼሎና ክላርኔት ያጅቡታል። እኔም መደርደሪያዬ ላይ ቆርኪ ደርድሬ አንድ ሠራሁ። ጥቂት ቆርኪ፣ ብዙ ባዶ። ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣ ስም ሳልጽፍበትም ከልጆቹ ቀላቀልኩት። በስተርጅና ምን ነካው የሚለኝ ካለ ይበለኝ። አንድ ጊዜ፣ ከኔ የወጣ ነገር ሰው ፊት እንዲሰማ ፈለግኩ።

መምህርቷ ወረቀቱን አንስታ አየችው፤ በጣቷም ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገች።

«ይሄ ደስ ይላል። የማን ነው? ባለቤቱ ይነሳና ያጨብጭብልን። ባለቤት የሌለው ምት እንደማይመታ ደንባችንን ታውቃላችሁ።»

ቫዮሊን እየወለወልኩ ነበር፤ እጄ ቆመ። ሠላሳ ልጅ ፊት የኔ ነው ልበል? አፌ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም።

«የኔ ነው» አለች አንዷ። ፌንጣ የሚሏት ናት፤ ሲጨበጨብ ሁሌ ባዶውን እየዘለለች ከሰው ትቀድማለች። የቤት ሥራዋን እንዳልሠራች ጠዋት ትሪያንግል ልትመልስ ስትመጣ ነግራኝ ነበር። ያን ጊዜ መደርደሪያዬ ላይ የደረደርኳቸውን ቆርኪዎች ትክ ብላ አይታቸዋለች።

ተነስታ አጨበጨበች። ጅብ ያባረራት ይመስል ባዶዎቹን ሁሉ ዘለለቻቸው።

«ባዶውን ቁጠሪ እንጂ» አልኩ በመስኮቱ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል እንዴ?» አለች መምህርቷ።

«ኧረ እኔ ምኑን አውቄ። ወረቀቱ ከዚህ ስለሚታየኝ ነው።»

«ዓይንዎ ጥሩ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ፈገግታው ሹፈት ይሁን ሌላ እስካሁን አልለየሁትም። ለጥንቃቄ ሹፈት ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ወንበር የሰጠኝ ስላልነበረ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆምኩ። ፌንጣ በርጩማ ላይ ወጥታ ከበሮውን መታች። ቼሎው ከሥር ያጉረመርማል። የመጀመሪያው ባዶ ሲደርስ መምቻውን እንዳነሳች ቀረች፤ ዓይኗን በሰዉ ራስ ላይ አሻግራ ወደኔ ወደ በሩ ተከለች።

«ጠፋባት» አለ አንድ አባት በሹክሹክታ።

አልጠፋባትም። በልኩ መታች። ሁለተኛውን ባዶ በልኩ፣ ሦስተኛውንም በልኩ። ያቺ ፌንጣ አንድም አልዘለለችም።

ጭብጨባው ሁሉ ለሷ ሆነ። እናቷ አቅፋ «ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ያንቺን አመታት እለየዋለሁ» ስትላት፣ ከበሮውን እየገፋሁ በአጠገባቸው አለፍኩ።

ዕቃውን ደርድሬ ስጨርስ ፌንጣ በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን እያየሁ እኮ ነው የመታሁት።»

«እኔ ምን አለኝና?»

«ባዶው ላይ አፍዎ ይንቀሳቀሳል። ሲቆም እመታለሁ። ምን እያሉ ነው?»

ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«ሂጂ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» አልኳት።

«ለመምህርቷ የርስዎ ነው ልበላት?»

«የኔ ነው ብለሽ አጨብጭበሻል። ደንብ ደንብ ነው።»

ትንሽ አየችኝና ሄደች። ምቴን እያጨበጨበች በኮሪደሩ ስትርቅ ሰማኋት፤ ባዶውን ሁሉ ትቆጥራለች። ምቱ የሚያልቀው በአራት ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ መቼ እንደወጣች አላወቅኩም።