ለማግስት የቆየ መርዶ

ብሮጄን ከሠርጉ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ፀሐይ ከኩሬው ማዶ አዘቅዝቃ ነበር። በዚያው ዕለት ማለዳ አባቱ ሞቶ፣ ከቀትር በፊት በወንዙ ዳር እንደ ወጋቸው አስከሬኑን በገዛ እጁ አቃጥሏል። የሐዘኑን ወግ ቢጠብቅ ኖሮ ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ አገልድሞ፣ ከዓሣና ከጨው ርቆ በቤቱ በተቀመጠ ነበር። እርሱ ግን የተተኮሰ እጀ ጠባቡን ለብሶ በአውቶቡስ መጣ። አባቱ አስምሎት ነበር፤ «የቶሩ እጅ ከሙሽራው እጅ ሳይገጥም መሞቴን ለወንድሜ እንዳትነግር። ደግሞ እንዳትቀር፤ ከቀረህ ያውቃል» ብሎ።

ቶሩ የአጎቱ የሂራላል አንድያ ልጅ ናት። በእነርሱ ዘንድ ሞት ዘመድን የሚያረክሰው ወሬው ከጆሮው ሲገባ ነው፤ ወንድሙ መሞቱን የሰማ አባት ልጁን አይድርም። ቶሩ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ታጭታ ሁለቱም ፈርሶባታል። ይህኛውም ከፈረሰ ደጇን የሚረግጥ ሽማግሌ አይኖርም።

«አባትህስ?» አለችው የአጎቱ ሚስት ነንዳራኒ፣ ገና ሳይቀመጥ።

«ጉልበታቸው አልታዘዝ አላቸው።»

«እኔ ሳልኖር ቶሩን ማንም አይሸኛትም ሲሉ አልነበር? ቆይ፣ ሳገኛቸው ይነግሩኛል።»

በሙዝ ቅጠል ላይ ሩዝና ዓሣ አቀረቡለት። ጎረቤትየው ቢሹ ጭልፋውን ይዞ ቆመበት።

«ምነው አፈጠጥክበት? የወንዝ ዳር ሰው ዓሣ ሲፈራ ዛሬ አየሁ።»

«መንገዱ አድክሞኝ ነው።»

«አድክሞህ ከሆነ ጭንቅላቱን ልጨምርልህ፤ እርሱ ያነቃል።»

ሰዎቹ ሳቁ። ብሮጄን ግን እጁን ማንሣት አቃተው። ሂራላል ልጁን የሚሰጥ አባት ስለሆነ ከንጋት ጀምሮ ጾሞ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ በእንግዶቹ መካከል ሲዘዋወር አጠገቡ ደረሰ። ዓይኑ በብሮጄን ቀኝ እጅ ላይ ዐረፈ። የክንዱ ጠጉር በጠዋቱ እሳት ተለብልቧል። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«አጎቴ» አለ ብሮጄን።

«አሁን አይደለም» አለ ሂራላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓሣህን ብላ።»

ብሮጄን በላ።

ሲመሻሽ ትልቁ ዛጎል እንደ መለከት ተነፋ፤ ሴቶቹም እልል አሉ። ሙሽራይቱን በእንጨት መቀመጫ ላይ አድርገው በሙሽራው ዙሪያ ሰባት ጊዜ የሚያዞሯት ወንድሞቿ ናቸው፤ ቶሩ ግን ወንድም ስለሌላት ብሮጄን ተጠራ። ጠዋት ቃሬዛ የተሸከመ ትከሻው አሁን እርሷን ተሸከመ። ፊቷን በሁለት ሰፋፊ ቅጠሎች ጋርዳለች።

«ጋሼ፣ ከጣልከኝ አልለቅህም» አለችው ከቅጠሉ ጀርባ። ከዚያም በሹክሹክታ ስለ አባቱ ጠየቀችው፤ «ትልቁ አባባ መጡ?»

«ዝም በይ። ሙሽራ አታወራም።»

ሂራላል የልጁን እጅ ከሙሽራው እጅ ጋር ሲያጋጥም ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ወደ ብሮጄን አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም።

በማግስቱ ቶሩ የማሳደጊያዋን ዕዳ ለመክፈል እንደ ወጉ እፍኝ ሩዝ ወደ ኋላዋ ለእናቷ በትና፣ እያለቀሰች መኪና ውስጥ ገባች። አቧራው ሳይረጋ ሂራላል ወደ ኩሬው ወረደ። እጀ ጠባቡን አወለቀና በደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እንግዲህ ንገረኝ» አለው ተከትሎት የወረደውን ብሮጄንን።

ብሮጄን አጠገቡ ተቀምጦ ነገረው። ሂራላል ውሃውን እያየ ሰማው።

«ሰው ቢጠይቅህ፣ የሰማው አሁን ነው በል።»

«የሰሙትስ አሁን ነው፣ አጎቴ።»

«እንዲያ በል። ዓሣውን ብላ ያልኩህ እኔ ነኝና ዕዳው የኔ ነው። እጇን እያወቅሁ ያጋጠምኩት ግን...» አለና ቃሉን አልጨረሰውም።

ከበላያቸው ከወጥ ቤቱ በኩል የነንዳራኒ ድምፅ ተሰማ፤ ከሠርጉ የተረፈውን ጣፋጭ በሸክላ ዕቃ እያስቀመጠች፣ «ይህ ለአባትህ ነው፣ ብሮጄን፤ ጉልበታቸውን ያበረታላቸዋል» ትል ነበር። ሁለቱም ከተቀመጡበት አልተነሡም።