የአንለይ ሙታን

«እኔስ ልነሣ፤ ጥጃ አላሰርኩም» አለች አንዷ ለቀስተኛ ነጠላዋን እየሰበሰበች።

ፀሐይዋ ገና ወደ ጣና ዘንበል ማለቷ ነው። እናኑ ከመደቡ ላይ ሆና ሴትዮዋን አየቻት። ጥጃ ከየት ይመጣል? ላሟ መውለድ ካቆመች ስንት ጊዜዋ! ትናንት ደግሞ ልጄን አተኩሶታል ብላ ነበር የወጣችው፤ ያ ትኩሳታም ልጅ ከሐሙሲት ገበያ እህል ተሸክሞ ሲመለስ ግን አገር አይቶታል። ከኋላዋ ሌሎቹም ተነሡ። አንዷ እንጨት አልለቀምኩም አለች፤ አንዷ ባሌ ይቆጣል አለች፤ አንዷ ደግሞ ምክንያቱ አልመጣላት ብሎ ዝም ብላ ወደ በሩ አመራች።

በፎገራ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ሰባቱ እስኪወጣ ጎረቤት እዚያው ተኝቶ ያስተዛዝናል፤ ንፍሮ እየቆረጠመ ያወጋል፤ ሐዘንተኛው ብንን ሲል አይዞህ ይለዋል። ለቀማኛ እንኳ ይታደርለታል። ለእናኑ ባል ለአንለይ ግን የሚያድር ጠፋ። ከቀብሩ ዕለት ወዲህ ከእናኑ ጋር የሚያድሩት አክስቷ እማዋይሽ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ ደፍረው ሳይሆን ቤታቸው ይፋግ ስለሆነ መሄጃ አጥተው ነው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» አለች እናኑ በሆዷ፣ «ይሄ ሁሉ ያንተው ሥራ ነው፣ አንለይ።»

ልክ ናት፤ የእሱው ሥራ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በጋቢ ነው። አንለይ ሸማኔ ነበር። የወረታ ሰው የሠራውን ጋቢ ሲለብስ «እጁ ይባረክ» ይላል፤ እሱን ራሱን ሲያይ ደግሞ በሸማኔነቱ «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ይሰድበዋል። እናኑ የገበሬ ልጅ፣ ያውም የባለ ርስት ልጅ ሆና እሱን ስታገባ ዘመዶቿ ሬሳ ከቤት እንደወጣ አልቅሰዋል። እና ይህ ሰው አንድ ጠዋት አዲስ ጋቢ አንግቶ ወደ መኪና መንገዱ ወጣ፤ ሲመሽ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ ገባ።

«ጋቢውስ?» አለችው።

«ለወጥኩት።»

«በምን?»

«በዚህ። ከአስመራ የመጣ የጭነት መኪና ረዳት ነው የሰጠኝ። እዚያ ያሉ የፈረንጅ ወታደሮች አይተው የሚጥሉት ነው።»

«የሚጥሉትን ነው በጋቢ የለወጥከው?»

ወረቀቱን ዘረጋላት። እናኑ አማተበች። ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ነው፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። መቃብር ተከፍቷል። ከውስጡ የወጣ ሬሳ፣ ሥጋው አረንጓዴ፣ አንድ ዓይኑ ጉንጩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ መገነዙን እየጎተተ፣ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ጉሮሮ ላይ ጥፍሩን ሰክቷል። ገጹን ገለጥ ሲያደርግ ሌላ ሬሳ፤ ደግሞ ሌላ።

«በስመ አብ! ይሄን ነገር ከቤቴ አውጣልኝ!»

«እስቲ ረጋ በይ። ይሄ ወፍራሙ ሰውዬ ገድሎ ቀበረው፤ ንብረቱን በላ። ዳኛ የለ፣ ምስክር የለ። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ መጣ። ይሄ ሬሳ አይደለም፣ እናኑ፤ ፍርድ ነው።»

«ማን ነገረህ? ፊደል እንኳ አታውቅ!»

እውነቷን ነው፣ የአማርኛውንም አያውቅ። ነገር ግን በየሥዕሉ ከሰዎቹ አፍ ነጭ ጉም ይወጣል፤ በጉሙ ውስጥ ጽሕፈት አለ። አንለይ ሸማውን እየሠራ ስለዚህ ጉም ሲያስብ ሰነበተና አንድ ቀን መወርወሪያውን ጥሎ ጮኸ። «አገኘሁት! ነፍሱ ናት! ሰው ሲደነግጥ ነፍሱ ካፉ ትወጣለች፤ የሠራው ኃጢአት ተጽፎባታል!» ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው። ይፋግ ገበያ ጋቢ ሊሸጥ ይሄድና ጋቢው ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ ይተርካል። ሰው እንደ ንብ ይከበዋል፤ ሴቱ ይጮሃል፤ ወንዱ ያማትባል፤ ጋቢውን የሚጠይቅ ግን የለም። ሲመሽ ጋቢውን ተሸክሞ ይመለሳል። እናኑ ያን ወረቀት ስንት ጊዜ ለምድጃ እንደተመኘችው እግዜር ይወቅላት።

ይኸው አሁን የሚያነድደው ጠፋ። ዛሬ ጠዋት፣ በሠልስቱ፣ አባ ተክለ ማርያም «ያ ወረቀት ይቃጠል» ብለው ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ «ይቃጠል! ይቃጠል!» አለ። ማን ያንሣው ሲባል ግን ሁሉም መሬት መሬት አየ። አባም መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው መልሰው ከተቱት። እናኑ ተናዳ አነሣችና እህል ማስቀመጫው ሥር ወሸቀችው። የሽመና ጉድጓዱ አጠገብማ የሚቀመጥ የለም። አንለይ እግሩን ሰዶ ይሠራበት የነበረው ጉድጓድ ነው፤ ሰው ግን አንለይ ተነሥቶ የሚወጣበት ይመስል እንደ መቃብር አፍ ይሸሸዋል። አንድ ሽማግሌ ሊያስተዛዝኑ መጥተው ፊታቸውን ወደ ጉድጓዱ መልሰው፣ «እኔ እንኳ ክፉ ቃል ተናግሬህ አላውቅም፤ ታውቃለህ» ብለውት ሄዱ። ለእናኑ «እግዜር ያጥናሽ» ማለታቸውን ረሱት።

ይሄ ሁሉ እንኳ በቀለለ፣ የመሬቱ ነገር ባይኖር።

አንድ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን አለበሰው። ውሃው ሲሸሽ ደለሉ የድንበር ድንጋዩን ሁሉ ውጦት ነበር። እናኑ ከአባቷ የወረሰችውን መሬት የሚያዋስናት ደሳለው የሚባል ወፍራም ገበሬ በሬውን ጠምዶ ማንንም ሳይጠይቅ እስከ እርሻዋ ወገብ ድረስ አርሶ ገባ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ለሸማኔ ሚስት ማን ይመስክር? ሁሉም «ድንበሩን አናውቀውም» አለ። እናኑ ጮኸች፣ ተሳደበች፣ ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ጣለች። አንለይ እጁን አጣምሮ ቆሞ አየና «በቃ ተይው፣ እንሂድ» አላት። ያን ቀን ልትነክሰው ምንም አልቀራትም።

«ምን ዓይነት ወንድ ነህ?» አለችው መንገድ ላይ።

«ጉልበት የለኝ፣ ወገን የለኝ» አላት። «ምን ላድርግ?»

ያደረገውን ግን በሚቀጥለው ገበያ አየችው። ባርኔጣ ያደረገውን ወፍራም ሰውዬ ድንበር ገፊ አደረገው። «የሟቹን መሬት ሊያርስ በሬ ጠመደ» እያለ ይተርካል። «በሬዎቹ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ጅራፍ ቢያጮህ አይነቃነቁም። ዘወር ሲል ከኋላው እርፉን ማን ይዞታል? ከደለሉ የወጣ ሬሳ!» ገበያተኛው ዘወር ብሎ ደሳለውን አየው። ደሳለው ሳቀ፤ መሬቱንም አልመለሰ። ምን ያስፈራዋል? በሕይወት ያለ ሰው ከመቃብር አይነሣም።

አሁን ግን አንለይን ንዳድ ወሰደው።

«ይኸው መጣልሽ» አሉ እማዋይሽ ወደ ደጁ እያዩ።

ደሳለው ነው፣ አባ ተክለ ማርያምን ከፊቱ አስቀድሞ። እስከ ዛሬ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «እግዜር ያጥናችሁ» እያለ ነበር የሚሄድ። ሊወጡ የነበሩት ሴቶች ጥጃውንም እንጨቱንም ረሱና ተመልሰው ቁጢጥ አሉ።

እማዋይሽ በእናኑ ጆሮ አንሾካሾኩ። «ስሚኝ ልጄ። ድንበሩን ሊመልስልሽ ነው፤ አባ ነግረውኛል። ካንቺ የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። ‹እሺ፣ አንለይን እለምንልሃለሁ› በይው፤ በቃ። ሽማግሌ የነፈገሽን መሬት ሙት ያስመልስልሽ።»

«ሙት እኮ ነው፣ አክስቴ። ምን ብዬ ነው የምለምነው?»

«እኔ መች አጣሁት? ደሳለው ግን ይነሣል ብሎ አምኗል። ታዲያ አንቺ ምን ቸገረሽ?»

ደሳለው ገብቶ በሩ ሥር ተቀመጠ። ወደ ጉድጓዱ ላለማየት አንገቱን አጣሞ ይዟል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«አፈሩን ያቅልልለት» አለ። «መቼም ደግ ሰው ነበር።»

ደግ! በቁሙ አንድ ቀን በስሙ ጠርቶት አያውቅም። እናኑ ጥርሷን ነከሰች።

«ሲሞት . . . ምን አለ? የኔን ስም አነሣ?»

«ውሃ አጠጪኝ ነው ያለ።»

«ሌላስ?»

«ንዳድ የያዘው ሰው ሌላ ምን ይበል፣ አያ ደሳለው?»

አባ ተክለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ነገ ጠዋት በእኔ ፊት ድንበሩን በቀድሞው ቦታ ይመልሳል። ሙታን እንዲህ አይደሉም ብዬ ገሥጬው ነበር፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለው።»

«እርፉን ስይዝ ከኋላዬ ሌላ እጅ ያለ ይመስለኛል» አለ ደሳለው። ድምፁ ቀጠነ። «በሬዎቹም ቆም ቆም ይሉብኛል። እናኑ፣ አንቺን ይሰማል፤ እንዲተወኝ በይልኝ።»

እማዋይሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። አንዲት «እሺ» ብቻ። መሬቱ የአባቷ ነው፤ ውሃ ሲሸሽለት ሽምብራ የሚያበቅል ጥቁር አፈር። ያለሱ ምን ልትበላ ነው? ሸማኔው የለ፣ ጋቢው የለ። ግን ያቺን «እሺ» ካለች አንለይ ለዘላለሙ ያ አረንጓዴ ሬሳ ሆኖ መቅረቱ ነው። ለአርባው የሚመጣ አይኖርም፤ በስሙ ልጅ ያስፈራሩበታል። ከሞተ ወዲህ ይሄ ሁሉ ሰው «ይመጣ ይሆን?» አለ እንጂ «እንዲህ ያለ ሰው ነበር» ብሎ አንድ ቃል ያነሣለት የለም። እሷም ብትሆን በንዴት እንባ አልወጣ ብሏታል። «የማታለቅሰው እንደሚመለስ ብታውቅ ነው» ሲሉም ሰምታለች።

ብድግ አለች።

«ለመሆኑ የትኛው አንለይ ነው የሚመጣብህ? የኔ ባል? ዶሮ እረድልኝ ስለው ዓይኑን ጨፍኖ ጎረቤት የሚጠራው? ሲሰድቡት እጁን አጣምሮ የሚቆመው? እንግዲያው ሁላችሁም ስሙኝ! ይፋግ ላይ ያን ሁሉ ሬሳ ሲተርክላችሁ ይውልና፣ ሲመሽ የገዛ ተረቱን ፈርቶ ለሽንት እንኳ ብቻውን አይወጣም ነበር! እጁን ይዤ የማወጣው እኔ ነኝ! ‹እናኑ፣ አትግቢ፤ እዚያው ሆነሽ አውሪልኝ› እያለ! ጨለማ የሚፈራ ሰው ነው እንግዲህ፣ ያን ሁሉ ሜዳ ብቻውን አቋርጦ አንተን ሊያንቅ የሚመጣ?»

ከዚያ አንዷ ሴት ሳቋን በነጠላዋ ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም። ሌሎቹም ተከተሏት። አባ ተክለ ማርያም እንኳ ያሳላቸው መስለው ፊታቸውን አዞሩ።

«ውይ አንለይ!» አለች አንዷ ዓይኗን እየጠረገች። «የኛን ቡችላ እንኳ ይፈራ ነበር እኮ!»

«ለልጄ ክርስትና ነጠላ የሠራልኝ እሱ ነው» አለች ሌላዋ። «ሳልጠይቀው፣ ራሱ ይዞልኝ መጣ።»

«ሲሠራ የሚያንጎራጉራትስ ነገር! ለዛ አልነበራትም እንጂ እሱስ ደክሞባት ነበር።»

ደሳለውም ሳቀ። ላቡን ጠረገ፤ ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። ተነሥቶ ጋቢውን አጣፋ።

«እንዲያ ከሆነስ ደግ» አለ። «የመሬቱን ነገር እንግዲህ፣ አባ፣ ነገ ከምንቸኩል ሽማግሎች ረጋ ብለው ይዩት። ደለሉ ድንበሩን አጥፍቶታል፤ ማንን እንበድላለን?»

እማዋይሽ ጭናቸውን በጥፊ መቱ። «አንቺ ጅል! መሬትሽን በገዛ አፍሽ አስረከብሽው!»

እናኑ አልገረማትም። እንዲህ እንደሚል አፏን ሳትከፍት አውቃዋለች። አናደዳት እንጂ አልገረማትም።

ደሳለው ደጃፉ ላይ ደረሰና ወደ ሜዳው አየ። ፀሐይ ጠልቃ መንገዱ መደብዘዝ ጀምሯል። ቆመ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፤ ዞረ።

«እናኑ . . . እውነት ግን አይመጣም?»

«አይመጣም አልኩህ እኮ!»

«እስቲ ማይልኝ።»

«ኧረ አንለይ ይሙት፣ አይመጣም!» ብላ ጮኸችበት።

ከተጋቡ ጀምሮ የምትምለው እንዲህ ነው። ገበያ ስትከራከር፣ ከጎረቤት ስትጣላ፣ ነገር ስታስተባብል፣ ሁልጊዜ በባሏ ነው። እማዋይሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እናኑ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አይመጣም» አለች ቆይታ፣ አሁን ለደሳለው አልነበረም። «እኔ ብጠራውም አይመጣም።»

መደቡ ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ጮኻ አለቀሰች፤ ሴቶቹም ከበዋት አብረው አለቀሱ፤ መሽቷል ብሎ ወደ ደጅ ያየ አልነበረም። ደሳለው መውጣትም መግባትም አቅቶት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። እናኑ እያለቀሰች እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፤ አንለይ ይተኛበት የነበረውን የመደቡን ዳር ዳበሰች፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባዶው ቦታ ላይ አለበሰችው።