ሊፍቱ ለምን ወደቀ

አሰልጣኟ ድምጿ የተዘጋው በጩኸት ነው። ከፍታ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ማሠልጠን ማለት፣ እሷ እንደምትለው፣ ጢም ያበቀሉ ወንዶችን ቀኑን ሙሉ "መንጠቆህን! መንጠቆህን እኮ ነው የምልህ!" እያሉ መጨቅጨቅ ነው። የደህንነት ቀበቶው ሁለት ገመድ አለው፤ በየገመዱ ጫፍ መንጠቆ አለ። ሰው በስካፎልዲንጉ፣ ሕንፃ ዙሪያ በሚቆመው የብረት ቱቦ መወጣጫ፣ ላይ ቦታ ሲቀይር አንዱን ፈትቶ ወደፊት ያስርና ከዚያ ሌላውን ይፈታል። ሁለቱን አንድ ላይ ከፈታ አየር ላይ ባዶውን ቀረ ማለት ነው። ትምህርቱ ይኸው ነው።

ይህ ለሁሉም ገብቷቸዋል። ያልገባው ታላቅ ወንድሟ ብቻ ነው።

ወንድሟን የሥራ ባልደረቦቹ "ሊፍቱ" ይሉታል። በብረት ቱቦ ላይ ሽው ብሎ ሲወጣ ያየ ሰው ስሙን ማን እንዳወጣለት አይጠይቅም። አባታቸው ካረፉ በኋላ እሷን ያስተማረው፣ እናታቸውን የጦረው በዚሁ ሥራ ነው። አሁን ግን አዲስ ደንብ መጣ፤ ሰርተፊኬት የሌለው ከመሬት አይነሳም ተባለ። ፈታኟ ደግሞ የገዛ እህቱ ሆነች። ቤተሰቡ ያለችግር ያልፋል፣ ነገሩ አለቀ ብሎ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሊፍቱ የመለማመጃው ስካፎልዲንግ የታችኛው ወለል ላይ ቆሞ ሁለቱንም መንጠቆ ፈታና ከታች ለቆሙት ጓደኞቹ እጁን አውለበለበ። ሰዉ ሳቀ። እሷ ከፈተናው ጣለችው። ሁለተኛው ላይ የእግሩን ማሰሪያ ሳይቆልፍ ልውጣ ብሎ ድርቅ አለ። አሁንም ጣለችው።

ማታ እናታቸው ስልክ ደወሉ።

"ምን አደረገሽ ልጄ? ምን በድሎሽ ነው?"

"እማዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? መንጠቆውን አያስርም!"

"እሱ ላንቺ ስንት ነገር አስሮ ፈቷል! አንዲት መንጠቆ አለፍ ብትይለት ሰማይ ይደፋል?"

"ሰማይ አይደፋም፤ እሱ ነው የሚደፋው!"

እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉባት።

በማግስቱ ሊፍቱን የሚያሠራው ፎርማን በተራው መጣ። የሕንፃው ፊት ለፊት ሥራ ቆሟል፣ ኢንጂነሩ በየሰዓቱ እየደወለ ነው፣ ቱቦ የሚያቆም ሰው አጥሯል። "ስሚ፣ ይኼ ሰውዬ እኛ ሳንወለድ ነው መውጣት የጀመረው፤ ፈርሚለትና እንገላገል" አላት።

"እስካሁን ስላልወደቀ ነው የምፈርምለት?"

"እህቱ አይደለሽ እንዴ?"

"ለዚህ እኮ ነው የማልፈርመው!" አለች፤ ድምጿ መሃል ላይ ተቆረጠ። ፎርማኑ አዘነላትና ውኃ አቀብሏት ሄደ።

ሦስተኛው ፈተና ላይ ሊፍቱ የታችኛው ወለል ላይ ደረሰ፣ ወደ እሷ ዞር ብሎ አየ፣ አሁንም ሁለቱንም መንጠቆ ፈታ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እሷ ሄልሜቷን አውልቃ መሬት ልትወረውር ምንም አልቀራት። ሌሎቹን ምሳ ብሉ ብላ በተነቻቸው፤ ቀበቶዋን አጠለቀችና ወደ እሱ ወጣች።

"እሰር" አለችው።

"ወደቅኩ አይደል እንዴ? አለቀ፤ ልውረድ።"

"አላለቀም። እሰር፤ አብረን እስከ ላይ እንወጣለን። ዛሬ ሳታልፍ ከዚህ ሳይት አትወጣም፣ ጋሼ። መሮኛል!"

ሊፍቱ ተከራከረ፣ ቀለደ፣ ወገቤን አለ። እሷ አልሰማችውም። ራሷ መንጠቆዎቹን አሰረችለት፤ መሰላሉን ይዞ ከፊቷ መውጣት ጀመረ። ቀጣዩ ወለል ላይ ሲደርስ ቆመ። "ቀጥል" አለችው። አልቀጠለም። ቀና ብላ ስታየው ቱቦውን በሁለት እጁ አቅፎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ላቡ በአንገቱ ይንቆረቆራል። ከንፈሩ ደም የለውም።

"ጋሼ? ምን ሆንክ?"

"ይዞርብኛል" አለ፤ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከጎኑ ወጣች። ጀርባውን በክንዷ ደግፋ፣ እግሩ የሚያርፍበትን እየነገረችው፣ መንጠቆውን አንድ በአንድ እየፈታችና እያሰረች አወረደችው። መሬት ሲደርስ የእንጨት ክምር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ። አንድ ቀን እላይ ሆኜ ዓለም ተገለበጠብኝ። የያዝኩት ቱቦ ከእጄ ወጥቶ አሸዋው ላይ ወደቀ። ሰው አልነበረም፤ ማንም አላየ።"

"ሐኪም ቤትስ?"

"ሄጃለሁ። የጆሮ ነው አሉ፤ የውስጠኛው፣ ሚዛን የሚጠብቀው። ከእንግዲህ ከፍ ያለ ቦታ አትውጣ አሉኝ።"

አሰልጣኟ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። "እና ይህን ሁሉ ጊዜ..."

"ፈተናውን ብወድቅ ይገላግለኛል ብዬ ነው። አንቺ ጣልሽኝ ይባላል፤ አለቀ። ሌላ ምን ልበል? ሊፍቱ ጆሮውን ታመመ ልበል?"

"እማዬ ስንት ቀን ስልክ እየዘጋችብኝ! ፎርማኑ እንደ ጠላት እያየኝ! ሰዉ ወንድሟን ከእንጀራው አፈናቀለች እያለኝ!" ድምጿ ስላልወጣ በእጇ ጭምር ነው የምትጮኸው። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አላት። "ቆይ፤ እየዞረብህ ነው ሁለቱንም መንጠቆ የፈታኸው?"

"የታችኛው ወለል እኮ ዝቅ ያለ ነው።"

"ዝቅ ያለ! ሰው ከዚያ ወድቆ አንገቱን አይሰበርም አሉህ? ሁለት ጊዜ! ፊት ለፊቴ!" እንባዋ መጣባት፤ በጓንቷ ስትጠርገው ፊቷ በዝገት ተቀባ። ሊፍቱ ሊስቅ ብሎ ፊቷን አየና ተወው።

"ተሳስቻለሁ" አለ። "ለእማዬ አንቺ ትነግሪልኛለሽ?"

"አልነግርልህም። በገዛ አፍህ ትነግራታለህ፤ ለፎርማኑም እንደዚያው።"

ለፎርማኑ ነገረው። ፎርማኑ ራሱን እየነቀነቀ "ይኼን ለመናገር ሦስት ሳምንት ታስቆመናለህ?" ብሎ በቁጣ ጀመረና፣ ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ የሚሄደውን ቱቦና ማያያዣ መሬት ላይ የሚመረምር ሰው እንደሚያስፈልገው ተናገረ። ሊፍቱ እሺ አለ።

ማታ ሁለቱም እናታቸው ዘንድ ሄዱ። ሊፍቱ ጫማውን እያየ፣ ሐኪሙ ካለው ጀምሮ ሁሉንም ተናገረ። እናታቸው እስኪጨርስ ሰሙት። ተነሱ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ጆሮውን ግራና ቀኝ አዩለት። ከዚያ ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ።

"አንቺስ? አሰልጣኝ አይደለሽም? ወንድምሽ እንዲህ ሲታመም እንዴት አታውቂም?"

አሰልጣኟ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ድምጿ ግን ጨርሶ ተዘግቶ ነበር። ወንድሟ ቀደማትና "ተያት እማዬ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አለ። እናታቸው ግን አልተዉአትም፤ እራት እስኪቀርብ ድረስ ሁለቱንም በየተራ ገሠጹአቸው።