የግራ እጆች አገር

በዚያ ማክሰኞ ምሽት ፀሐይ ከጉብታው ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ እጩ መምህር ምንይችል በተከራያት ጠባብ ክፍል ውስጥ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። በነጋው ለኮሌጁ የሚልከው የክፍል ምልከታ ዘገባ እዚያው ደብተር ላይ ነው። ትናንት በደስታ ሲጽፈው እንዲህ ብሎ ነበር፦ «መምህር ዳምጠው ሲጠይቁ፣ ከስድሳ ሁለቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች እጁን ያላወጣ አንድም አልነበረም። የተጠራው ሁሉ በትክክል መለሰ። ማስተማር ማለት ይህ ነው።» አሁን ግን ገጹን ማየት አስጠላው።

ዛሬ ጠዋት መምህር ዳምጠው ጠመኔውን አስረክበውት ወጡ። ምንይችል አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ የእጅ ደን በቀለ። ደስ ብሎት በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠችውን ትርንጎን ጠራ። ልጅቷ ተነሥታ አቀረቀረች።

«በይ እንጂ፤ እጅሽን አውጥተሽ አልነበረም?»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ግራዬን ነው ያወጣሁት» አለች ልታለቅስ ደርሳ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። «አልነገሩትም! አልነገሩትም!» አለ አንዱ ከኋላ። ሌላው አዘነለትና አስረዳው፦ «የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን ነው፣ ቲቸር። ሰው ሊያየን ሲመጣ እንደዚያ ነው።»

በዕረፍት ሰዓት ወደ መምህራኑ ማረፊያ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ትናንት ያሳዩኝ ሁሉ የተጠና ነበር?» አላቸው።

መምህር ዳምጠው ከት ብለው ሳቁና ሻያቸውን ፉት አሉ። «ስማ ወንድሜ፣ ሱፐርቫይዘር የሚቆጥረው እጅ ነው። ቆጥሮ ይሄዳል፤ እኛም በሰላም እንሰነብታለን። ላንተም በዚያው ሞቅ አደረግንልህ፤ ምን ጎደለብህ? ዘገባህን እንዳለ ላከው። የልምምድህን ውጤት የምሞላው እኔ መሆኔንም አትርሳ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ አረማመዳቸውን፣ ጠመኔ ጆሮ ላይ መሰካታቸውን ሳይቀር ከእሳቸው ሲቀዳ ነበር የከረመው። ከዛቻቸው ይልቅ ሳቃቸው አንገበገበው። ዘገባውን እንዳይቀድደው ውጤቱ አለ፤ እንዳይፈርምበት የትርንጎ ፊት አለ። እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ጸጉሯ በጠመኔ ብናኝ የነጣ ሴት ከፊቱ ቆማለች። ግራ ክንዷ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ወደ ሰማይ ተገትሯል።

«እመቤቴ፣ እጅዎን ምን ነካው?»

«ልጅ ሳለሁ አውጪው አሉኝ፤ አውርጂው ያለኝ ግን የለም። ና፣ አገሬን ላሳይህ።»

ወንዝ መካከሏን ወደሚሰነጥቃት ታላቅ ከተማ ወሰደችው። የወንዙ ድልድይ ከወገቡ ተሰብሮ፣ ግማሹ ውኃ ውስጥ ተዘፍቋል። በዳርቻው የከተማው ሹም ሰገነት ላይ ቆሞ፣ «ይህን ድልድይ መሥራት የሚችል ማነው?» ሲል ሕዝቡ ሁሉ እጁን አወጣ፤ ሁሉም ግራውን። ሹሙ ቆጥሮ «ሁሉም ይችላል» ብሎ ጻፈ፤ ከበሮ ተመታ፤ ድልድዩ ግን እንደ ተሰበረ ቀረ። በሐኪም ቤቱ ደጃፍ ሲያልፉም ሐኪሙ አንድ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በሌላው የታማሚዋን ደረት ይደባብስ ነበር።

«ለምን አናውቅም አይሉም?»

«ቃሉን ማን አስተማራቸው?»

«ታዲያ አስተማሪያቸው ማነው?»

ሴትዮዋ ወደ ከተማው በር አመለከተችው። በሩ ላይ «ማስተማር ማለት ይህ ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ምንይችል ቀርቦ ቢያየው ከሥሩ ያለው ፊርማ የራሱ ነበር።

ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሴትዮዋ ግን እጁን ይዛ ውኃው በሚሳሳበት መሻገሪያ ወደ ማዶ አሻገረችው። እዚያ ባለ ትምህርት ቤት መምህሯ ስትጠይቅ ሦስት እጅ ብቻ ወጣ። እሷም ሦስቱን አልፋ፣ አንገቱን ከደፋው ልጅ ጎን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አልገባኝም» አላት። «ጎሽ! በል ከዚያ እንጀምር» አለችው፤ የሳቀበትም የለም። ከትምህርት ቤቱ በታች ባለ ሌላ ወንዝ ላይ ደግሞ ጋሪና መንገደኛ የሚተላለፍበት ጽኑ ድልድይ ነበር።

«ይሄኛው እንዴት ቆመ?»

«ሠሪዎቹ ሰባት ጊዜ አናውቅም ብለው፣ ሰባት ጊዜ ስለ ጠየቁ።»

ያን ጊዜ ዓይኖቿን ልብ ብሎ አያቸው፤ የትርንጎ ዓይኖች ነበሩ። የደረቀ ክንዷን ሊያወርድላት ሲይዘው እንደ ድንጋይ ከበደው፤ እየታገለ ሳለ ነቃ።

ጎሕ ቀድዶ ነበር። ከዘገባው ሥር እንዲህ ሲል ጨመረ፦ «ከላይ ያለው ሁሉ እንግዳ ለማታለል የተጠና ነው። ሰኞ የተታለልሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ዝም ካልሁ ግን አታላዩ እኔ ነኝ።» ፈረመበት።

መምህር ዳምጠው የክፍሉ በር ላይ ጠበቁት። «ፈረምክ?»

«ፈረምሁ፣ ጋሼ። ያነብቡት።»

እሳቸው እያነበቡ ፊታቸው ሲለዋወጥ፣ እሱ አልፏቸው ገባ። ተማሪዎቹ ደብተር ይዘው በር ላይ የቆሙትን መምህራቸውን ሲያዩ፣ ሰው ሊያያቸው የመጣ መስሏቸው፣ ገና ሳይጠየቁ ስድሳ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ።

«በሕልሜ ያየሁትን አገር ልነግራችሁ ነው» አለ ምንይችል። «በቅድሚያ ግን እጃችሁን አውርዱ።»

አንድ በአንድ ወረዱ። መጨረሻ ላይ ያወረደችው ትርንጎ ነበረች።