ማርያምን በይ

ሸዋርካብሽ ጌታን ወደ ሱቋ ያስገባችው ሰኞ ጠዋት ነበር፤ እስከ ረቡዕ አንዲት ሜትር መጋረጃ አልሸጠችም።

ነገሩ የመጣው ከንስሐ አባቷ ነው። ቅዳሜ ዕለት ተክለ ሃይማኖት ቅጥር ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ኃጢአቷን ሲሰሙ፣ "በቀን ስንት ጊዜ ትምያለሽ?" አሏት። መርካቶ የመጋረጃ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

"በቀን ነው ወይስ በገዢ?" ብላ ጠየቀች።

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጌታን ቤትሽ አስገብተሻል። ሱቅሽ ግን አላስገባሽውም።"

"ኧረ አባ! ሥዕሉ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል እኮ!"

"ሥዕሉን ሰቅለሽ እሱን በረንዳ አስቀርተሻል። አርባ ቀን መሐላ የለም። ከሆነ አዎ በይ፣ ካልሆነ አይደለም በይ። ከዚያ ዝም።"

ቀኖናው ስግደት ቢሆን በወደደች! ስግደት ገዢ አያባርርም። መርካቶ ውስጥ ግን መሐላ ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሸጥ ነገር ነው፤ "ማርያምን በመጣበት ነው" ያላለ ነጋዴ ዋጋ እንደተናገረ አይቆጠርም። የሰኞዎቹ ገዢዎች "እስቲ ማይ" አሏት። አልምልም ስትል፣ "አሃ!" ብለው ወደ ጎረቤቷ ወደ ቡርሃን ሱቅ ተሻገሩ። የማክሰኞዎቹም እንደዚያው።

ረቡዕ ረፋድ ላይ እትዬ ውባንቺ ከአብነት ሰፈር መጡ። የድሮ ደንበኛዋ ናቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ የቤቱ መጋረጃ በሙሉ ይቀየራል። ወይን ጠጁን ጥቅል በሁለት ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

"የቱርክ ነው?"

"የቱርክ ነው።" የሚገርመው፣ እውነቷን ነው።

"ማርያምን በይ።"

"አልምልም፣ እትዬ።"

"ቻይና ነዋ!"

"ቱርክ ነው አልኩዎት እኮ።"

"አልሽኝ፤ ግን አልማልሽልኝም!"

ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ታምና፣ በአንዲት እውነት ቀጣፊ ልትባል! ቀና ብላ ሥዕሉን አየችው። አየህ ያደረግኸኝን? አለች በሆዷ። አንተ ስትገባ ሰው ወጣ።

ቡርሃን ከጎረቤት ብቅ አለ። "ሸዋዬ፣ እኔ ልማልልሽ? ወላሂ እትዬ፣ የቱርክ ነው! አብረን ነው ያወረድነው።"

"አንተን ማን ጠየቀህ?" አሉ እትዬ ውባንቺ። "አምና አረንጓዴውን ስትሸጥልኝ ራሷ ማርያምን፣ የቱርክ ነው ብላኝ የለ! ዘንድሮ አፏን ምን ያዘው?" ወደ ሸዋርካብሽ ዞሩ። "ነው ወይስ እሱም የቱርክ አልነበረም?"

ቡርሃን ቀስ ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

"ነበር" ማለት ቀላል ነው። መሐላ የለበት፣ ምን የለበት። ግን ቄሱ "ከሆነ" ብለዋል፤ ያቺ "ከሆነ" የምትባል ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰነቀረች።

"አልነበረም" አለች። "የቻይና ነው።"

"በማርያም ስም?"

"በማርያም ስም።"

እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ በሩ ሄዱ። ሸዋርካብሽ እርግማኑን ስትጠብቅ፣ ዞር አሉ።

"በአንድ እጥበት አመድ የመሰለው ለካ ለዚህ ነው! እኔ ልጄን በበረኪና አጠብሽው ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኳት! አንቺ አረመኔ!" ትንሽ ተነፈሱ። "ይሄኛውስ?"

"የቱርክ።"

ረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። "እንዲህ ራስሽን ካዋረድሽ በኋላ ደግሞ አትዋሺኝም። ቁረጪ፤ አሥራ ሁለት ሜትር።"

ሸዋርካብሽ እፎይ ብላ የሜትር ዱላውን አነሳች። እጇ እንደ ልማዱ ጨርቁን ጥብቅ አድርጎ ወጠረው። ተወጥሮ የተለካ ጨርቅ ሲላላ ያጥራል፤ በየሜትሩ ሦስት ጣት ለሱቁ ይተርፋል። ይህን ስትሠራ አስባው እንኳ አታውቅም። ዛሬ ግን ጨርቁን እንደወጠረች ቀጥ ብላ ቀረች። ጌታ የፈለገው ምላሷን ብቻ መስሏት ነበር።

"እጄንም?" አለች ጮክ ብላ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም" አለች በንዴት። ጨርቁን ለቀቅ አደረገችና እንደገና ከአንድ መለካት ጀመረች።